ያልጸደቀው ረቂቅም ቦታ ይሰጠው

አራት ኪሎ ስማር የእጅ ሰዓት አልነበረኝም። የፓርላማውን የሰዓት ማማ ቀና ብዬ እያየሁ ነበር ወደ ክፍል የምሮጠው። ሕንፃውን ለዓመታት የማውቀው በዚህ ብቻ ነው፤ ከአጥሩ ውጪ ሆኜ።

ማማው ከጣሊያን ወረራ በፊት የተሠራ ሕንፃ ነው። ውስጡ ያለፈው ታሪክ በሙዚየም ለሕዝብ መታየት አለበት ቢባል የሚቃወም ያለ አይመስለኝም። የኔ ጥያቄ ምን ይታይ የሚለው ነው።

እንዲህ ዓይነት ሙዚየም ሲታሰብ ቶሎ የሚመጣልን የሚያብረቀርቀው ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በየዓመቱ ጥቅምት 23፣ ዘውድ በጫኑበት ቀን፣ ምክር ቤቱን በንግግር ይከፍቱ ነበር። የዚያ ፎቶ መቼም አይጠፋም። ይሰቀል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1931) የተፈረመው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትም ይታይ። ግን አንቀጽ 32 በትልቁ ተጽፎ ቢነበብ ደስ ይለኛል። ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መኳንንቱና የየአካባቢው ሹሞች እንዲመርጡ የሚለው ነው። ያ “እስኪችል ድረስ” 26 ዓመት ወሰደ። ሕዝቡ ድምፅ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ የሆኑትም ያኔ ነው። እሳቸው ብቻ አንድ ክፍል ይገባቸዋል።

ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። ወንድ አያቴ ጭሰኛ ነበር። ሴት አያቴ የነገረችኝን አልረሳም። እህሉ ተወቅቶ፣ ተመንሽቶ አውድማው ላይ ይከመራል። የባለመሬቱ ሰው በትሩን ተደግፎ ይቆማል። ከዚያ በቁና ይሰፈራል። አንድ ለባለመሬቱ፣ አንድ ለነሱ። አንድ ለባለመሬቱ፣ አንድ ለነሱ። አያቴ ይህን ስትነግረኝ እጇ ቁናውን እንደያዘ ሰው ይመላለስ ነበር። ዘሩ የማን ነበር፣ በሬው የማን ነበር ብላ አታውቅም። እጇ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ፣ እዚያ የሰዓት ማማ ሥር፣ የባለመሬቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት ሥርዓት ለማስያዝ የተዘጋጀ ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤቱ ቀርቦ ነበር። የካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች “መሬት ለአራሹ” ብለው ወደ ፓርላማው የወጡት በዚሁ ጉዳይ ነው። ረቂቁ ግን ሳይጸድቅ ቀረ። ተመልሶ መጣ፣ እንደገና ቀረ። እንደራሴ ለመሆን ንብረት ያስፈልግ ነበርና ከወንበሩ ብዙዎቹ ላይ የተቀመጠው ባለመሬት ነበር። በገዛ እህሉ ላይ ማን እጁን ያወጣል?

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን ሲያወርድ ምክር ቤቱንም ዘጋው። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 25፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ጭሰኝነት አበቃ። አንድም እንደራሴ አልተከራከረበትም፤ አንድም ድምፅ አልተሰጠበትም። ምክር ቤቱ ሊሠራው ሲችል ሳይሠራ የቀረውን መሣሪያ የያዘ ሰው ሠራው። ስለ አገራችን ፓርላማ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም። ያሳዝነኛልም።

ይህን የመሰለ ነገር ግድግዳ ላይ አይሰቀልም የሚል ካለ አውስትራሊያን ይመልከት። ካንቤራ ያለው የድሮ ፓርላማ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1927 ተከፈተ፣ በ1988 ምክር ቤቱ ወደ አዲስ ቤት ገባ፣ በ2009 የድሮው የዴሞክራሲ ሙዚየም ሆነ። ሕንፃው በ1927 በተመረቀበት ቀን ጂሚ ክሌመንትስ የሚባሉ የአገሬው ተወላጅ ሽማግሌ ሩቅ መንገድ በእግራቸው መጥተው ነበር። ፖሊስ አለባበሳቸው አይመጥንም ብሎ ሊመልሳቸው ሲል የተሰበሰበው ሕዝብ ጮኾ አስቆመው። ዛሬ የዚያ ሕንፃ ታሪክ ሲነገር የሽማግሌው ታሪክ አብሮ ይነገራል። ከፊት ለፊቱ ደግሞ ተወላጆቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ለመሬት መብታቸው የተከሉት የድንኳን ኤምባሲ አለ። ጎብኚው ወደ ሙዚየሙ ሲገባም ሲወጣም ያየዋል።

ለኛም የምለው ይኸው ነው። የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤዎች ከመዝገብ ቤት ይውጡ። በዚያ ረቂቅ ላይ ማን ተነሥቶ ምን እንዳለ፣ ማን ዝም እንዳለ ሰው ያንብብ። በጊዜው የተከራከሩ እንደራሴዎች የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ አሉ፤ የጭሰኞቹም የልጅ ልጆች አለን። እኩል ቆመን እናንብበው። ረቂቁ ራሱ መስታወት ሥር ይቀመጥ። አጠገቡ አንድ ቁና ይቀመጥ፤ ከአያቴ ቤት እኔ አመጣለሁ።