ብርሃኑ የተፈተነው በማን ጣት ላይ ነው?

በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ያደረ ሰው ያቺን ትንሽ መቆንጠጫ ያውቃታል። ጣት ላይ ትደረጋለች፤ ጥፍሩ ሥር ቀይ ብርሃን ቦግ ይላል፤ ቁጥር ይመጣል። 94 ካለ አስታማሚው እፎይ ይላል።

በደም ውስጥ ያለውን የኦክሲጅን መጠን በመቶኛ የምትለካው ይህች ፐልስ ኦክሲሜትር የጃፓናዊው መሐንዲስ የታኩዎ አዮያጊ የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሐሳብ ውጤት ናት። የሞገድ ርዝመቱ 660 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀይ ብርሃንና 940 ገደማ የሆነ፣ በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ በጣት ውስጥ ታሳልፋለች። ኦክሲጅን ያጣ ደም ቀዩን ይውጠዋል፤ የተሸከመው ደግሞ ያሳልፈዋል። ከዚህ ልዩነት ቁጥሩን ታሰላለች። መርፌ የለ፣ ደም መቅዳት የለ። እጅግ የምወደው ፈጠራ ነው።

ሆኖም ብርሃኑ ደሙን ከማግኘቱ በፊት ቆዳን ማለፍ አለበት፤ ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒንም ብርሃን ይውጣል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሣሪያዋን ንባብ ከደም ቅዳ ከተወሰደ ደም ውጤት ጋር አስተያዩ። ከ92 እስከ 96 በመቶ ካሳየችባቸው ጊዜያት መካከል እውነተኛው መጠን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በነጭ ታካሚዎች 3.6፣ በጥቁር ታካሚዎች 11.7 በመቶ ነበር። የተደበቀው እጥረት በጥቁሮቹ ላይ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው!

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 (እ.ኤ.አ.) መመሪያው ዐሥር ያህል ሰዎች ላይ መፈተንን፣ ከእነርሱም ቢያንስ ሁለቱ ጥቁር ቆዳ ያላቸው እንዲሆኑ ይጠይቅ ነበር። በጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ረቂቅ የተፈታኞቹን ቁጥር ወደ 150 ከፍ አደረገ። እኛስ? ለሕክምና ኦክሲጅንና ለኦክሲሜትር ማስፋፊያ ፍኖተ ካርታ ያወጣች ሀገር፣ ሕዝቧ ጠይምና ጥቁር የሆነ ሀገር፣ ይህን ጥያቄ ለሌላ መተው አይገባትም።

ጥያቄው ነገ ይሰፋል። ብርሃን ወደ ኮምፒውተርም እየገባ ነው፤ የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ በመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፈው ክፍል ከቺፑ ጋር አብሮ የተገጠመላቸውን የኔትወርክ መሣሪያዎች አስተዋውቋል። የዓይንና የቆዳ ምስል የሚያነቡ ፕሮግራሞችም እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በሚገጠሙባቸው ፈጣን የኮምፒውተር ማዕከላት ሊሠሩ ይችላሉ። ፍጥነት ግን የተዛባ ንባብን አያቃናም።

ስለዚህ በግዢ ጨረታ ሰነዶቻችን ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ አቅራቢው መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ የተፈተነበትን ውጤት ያቅርብ። የደም ጋዝ መመርመሪያ፣ ማለትም ኦክሲጅንን በቀጥታ ከተቀዳ ደም የሚለካ መሣሪያ፣ ያላቸው ሆስፒታሎቻችንም ሁለቱን ንባቦች እያስተያዩ ያሳውቁን። እስከዚያው ድረስ ማያው 94 እያለ የሕመምተኛው ደረት ሲያለከልክ ያየች ነርስ ደረቱን ትመን፣ ሐኪሙንም ትጥራ።