መጀመሪያ ቁጭ በሉ

ሐረር የሄደ ሰው ሁሉ የፈረንሳዊውን ባለቅኔ የራምቦን ቤት ፎቶ ይዞ ይመለሳል። አይፈረድበትም፤ ባለቀለም መስታወቱ ያምራል። ነገር ግን ቤቱን ያሠራው አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ያውም ባለቅኔው በ1891 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ። ራምቦ ያላደረበትን ቤት አንድ ሰዓት ሙሉ የሚዞር ጎብኚ፣ ሐረሪዎች ትውልድ ሲተካኩ የኖሩበትን ባህላዊ ቤት፣ «ጌይ ጋር» የሚሉትን፣ በአምስት ደቂቃ አይቶት ውልቅ ይላል። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ዩኔስኮ እንኳ በ1998 ዓ.ም. በግንብ የታጠረችውን አሮጌዋን ከተማ፣ ጁገልን፣ ሲመዘግብ፣ ከከተማዋ ቅርስ ሁሉ የላቀው የነዚህ ቤቶች የውስጥ አሠራር መሆኑን ተናግሯል።

ጥፋቱ የጎብኚው ብቻ አይደለም። አስጎብኚው በር ላይ ጫማ ያስወልቅና ቆሞ ያስረዳል፤ እንግዳውም ቆሞ ግድግዳውን የሞሉትን ሰፌዶች በስልኩ ያነሳል። ወለሉና መደቡ ለምን ቀይ አፈር እንደተቀቡ፣ በ1879 ዓ.ም. ሐረሪዎች ከምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ ጨለንቆ ላይ የፈሰሰውን ደም ለማሰብ እንደሆነ ይነገረዋል። ከዚያ ወደሚቀጥለው።

ቤቱ ግን የተሠራው ተቀምጠው እንዲያዩት ነው። እኛ መደብ የምንለውን እነሱ ነደባ ይሉታል፤ አምስት ነው፣ ከፍታውም ቦታውም ይለያያል። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ደክሞኝ ስለነበር ያገኘሁት ላይ ዘጭ አልኩ። የቤቱ እመቤት ሳቁ፤ «የአሚሩን ቦታ ያዝክ እኮ ልጄ!» ደንግጬ ልነሳ ስል ከለከሉኝ። አሚር ነደባ የአባወራው ነው። ለምን እንደሆነ የገባኝ እዚያው ተቀምጬ ነው፤ በሩ ላይ ብቅ የሚለውን ሁሉ ቀድሞ የሚያየው እዚያ ያለ ሰው ነው። ኋላ ወደ ትልቁ፣ ወደ ግድር ነደባ ስወርድ ያው ክፍል ሌላ ቤት መሰለኝ። ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ ሳይነገረኝ ገባኝ። ይህን ፎቶ አያወጣውም።

ስለዚህ አስጎብኚዎች ሆይ፣ ወሬውን አሳጥሩና እንግዳውን አስቀምጡት። መግቢያ የከፈለበት ቤት ነው፤ ሃያ ደቂቃ ይበዛበታል?

ያን ቀን ከኔ በኋላ አምስት ሰዎች ገብተው፣ ፎቶ አንስተው፣ አመስግነው ወጡ። እመቤቲቱ በወተት ያፈሉትን የቡና ቅጠል ይዘው ከጓዳ ብቅ ሲሉ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ሲኒዎቹን ቆጠሩና አምስቱን መልሰው ይዘው ገቡ።