ዳክዬ አላልኩም፣ ዳክ ነው ያልኩት

እስቲ ዛሬ ልተንፍስ። ሦስት ወር ሙሉ አፍኜ ይዤዋለሁ፤ ባለቤቴም «በቃ ፌስቡክህ ላይ ጻፈውና እኛን ተወን» ብላኛለች።

ሳሎናችን ውስጥ አባቴ በደርግ ጊዜ ለሥራ ውጭ ሄዶ ተሸክሞት የመጣ አምፕሊፋየር አለ። ፊቱ ብረት፣ ቁልፉ እጅ የሚሞላ፣ ሲበራ «ጧ!» ብሎ ሰላም የሚል። ከሁለቱ የእንጨት ስፒከሮቹ ጋር ዛሬም ቤት ያናውጣል። ከኋላው ግን የሚያውቀው ቀይና ነጭ ሶኬት ብቻ ነው። አዲሱ ቴሌቪዥን ደግሞ ቀይና ነጭ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ እንኳ የለውም። ያለው ኤችዲኤምአይ፣ ዩኤስቢ፣ እና ቀይ ብርሃን የምትተፋ ትንሽ ቀዳዳ፣ ኦፕቲካል የሚሏት። የራሱ ድምፅ እንደሆነ ባልዲ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው ነው። እንዲያ ስስ አድርገው ሠርተውት ስፒከሩን የት ያስቀምጡት!

እንግዲህ በመሃል የሚያስታርቅ ያስፈልጋል። ቴሌቪዥኑ ድምፁን በቁጥር ነው የሚልከው፣ አምፕሊፋየሩ የሚገባው ሞገድ ነው። ቁጥሩን ወደ ሞገድ የሚቀይረው ዕቃ ዳክ ይባላል። ሁለት ፊደል። ቀላል ይመስላል አይደል?

መርካቶ ወረድኩ። «ዳክ አለ?» «ዳክዬ?» ብሎ ሳቀብኝ የመጀመሪያው። ሁለተኛው የዲሽ ሪሲቨር አወጣልኝ። ሦስተኛው «ኮንቨርተር በለኝ እንጂ!» ብሎ ክብሪት የምታክል ጥቁር ሳጥን ከመደርደሪያ አወረደ።

«ከእኔ ጋር ይሠራል?»

«አሪፍ ይሠራል።»

«አምፕሊፋየሬ ግን አሮጌ ነው…»

«ወንድሜ፣ ይሠራል አልኩህ እኮ! ኦሪጅናል ነው።»

አንድ ጥያቄ፣ አንድ እንኳ አልጠየቀኝም። ጫማ ሻጭ ስንት ቁጥር ነህ ይልሃል። ልብስ ሰፊ ወገብህን ይለካል። የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ግን «ይሠራል» የምትባል ቃል ተምሮ ሱቅ ይከፍታል። 1,800 ብር ከፈልኩ።

ቤት ገብቼ ገጠምኩት። ድምፅ የለም። ግማሽ ሰዓት ከተንበረከክሁ በኋላ የኦፕቲካሉ ገመድ ጫፍ ላይ እንደ ጥፍር የሳሳች ብርሃን የምታሳልፍ የፕላስቲክ ቆብ አየሁ፤ እሷን ሳላወልቅ ነው ለካ የምገፋው። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው፣ እሺ። አወለቅኋት፣ ዩቲዩብ ከፈትኩ፣ ድምፁ ቤቱን ሞላው። ባለቤቴን ጠርቼ እንደ ጀግና ቆምኩ።

ማታ በፍላሽ የመጣ ፊልም ከፈትን። ዝም። ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ወደ ዩቲዩብ መለስኩት፣ አለ። ወደ ፊልሙ፣ ዝም! ለሻጩ ስደውል «ቴሌቪዥንህ ነው የተበላሸው» አለ። የቴሌቪዥን ባለሙያ አስጠራሁ፤ «አምፕሊፋየርህ አርጅቷል» ብሎ 500 ብር ተቀበለኝ። አምፕሊፋየሩ ከእሱ ዕድሜ በላይ ስለሠራ ነው መሰለኝ ያስቀናው።

ከሳምንት በኋላ ራሴ የቴሌቪዥኑን ሜኑ ስበረብር አገኘሁት። የዲጂታል ድምፅ መውጫው «አውቶ» ላይ ነበር። ተራውን ድምፅ ሲያገኝ በፒሲኤም፣ ማለትም ባልታሸገ ቁጥር ይልከዋል፤ የፊልሙ ድምፅ ዶልቢ በሚባለው መንገድ የታሸገ ከሆነ ግን እንደታሸገ ነው የሚለቀው። ያቺ የክብሪት ሳጥን ደግሞ ዶልቢ መፍታት አትችልም፤ ያልገባትን ነገር በዝምታ ታልፈዋለች። «ፒሲኤም» ላይ አደረግኩት፣ አለቀ። አንድ ቃል! ይቺን አንድ ቃል የሚነግረኝ ሰው ከዚህ ሁሉ ሱቅ ጠፋ?

እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር። ግን «ጆሮ አለኝ» የሚል ወዳጅ አለኝ። መጥቶ ሰማ፣ ፊቱን አጨማደደ። «ውስጧ ያለው ቺፕ፣ ቁጥሩን የሚቀይረው፣ የማን ነው?» አለ። እኔ ምን አውቄ! ከዚያ ስለ ቺፕ ሠሪዎቹ ጀመረ፤ ኢኤስኤስ እንዲህ ነው፣ ኤኬኤም እንዲያ ነው፣ አንዱ ስል ነው፣ አንዱ ለስላሳ ነው። በኦክቶበር 2020 ጃፓን ውስጥ የኤኬኤም ፋብሪካ መቃጠሉንና የዓለም ዳክ ሠሪ ሁሉ ሌላ ቺፕ ፍለጋ መሯሯጡን እንደ ቤተሰብ ሐዘን ነው የሚያወራው። «ከተቻለ ከቃጠሎው በፊት የተሠራውን፣ 32 ቢት፣ 768 ኪሎኸርዝ።» ቢቱ እያንዳንዱ ቁጥር ምን ያህል ዝርዝር እንደሆነ፣ ኪሎኸርዙ ደግሞ ድምፁ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተለካ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሲዲ በ1982 ገበያ ላይ ሲወጣ 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ ነበር፤ ዛሬም ያው ነው። በስሱና በጮኸው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ገደማ ርቀት ይሰጥሃል፤ 44.1ዱ እስከ ግማሹ፣ 22 ኪሎኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ይይዛል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ አይሰማም፣ እሱንም በወጣትነቱ። የእኔ ሙዚቃ ከካሴት ተቀድቶ፣ ኤምፒስሪ ሆኖ፣ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የደረሰኝ ነው። ከዘፋኙ በላይ የካሴቱ ሽሽታ ይሰማል። ጎረቤት ጄኔሬተር ያስነሳል። 768ቱ ምን ይጨምርልኛል? የጄኔሬተሩን ጥራት?

ግን ሰው ነኝ፣ ተሸነፍኩ። ያጎቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲመጣ ያገለገለ ዳክ ገዝቶ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። ብረት ሳጥን፣ የሚያምር። ከነአዳፕተሩ ሰጠኝ። የስልክ ቻርጀር ሁሉ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚል እጄ ለምዶ፣ ሳላነብ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። መጀመሪያ እንደ ንብ ጮኸ። ከዚያ ሞቀ። ከዚያ ያ ሽታ መጣ፣ የምታውቁት ሽታ። ገልብጬ ሳየው 120 ቮልት ብቻ። ሶኬቱ የሚሰጠው 220። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። ግን ይሄን ሁሉ ስለ ቺፕ የሰበከኝ ወዳጄ ስለ መብራት አንድ ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት?

ዳክዋ ተረፈች፣ የሞተው አዳፕተሩ ነው። ሌላ ፍለጋ ወጣሁ። ዕቃው የሚፈልገው 16 ቮልት ኤሲ ነው፣ እንደ ግድግዳው መብራት አቅጣጫውን የሚቀያይር፤ ሱቁ ሁሉ ያለው ዲሲ፣ እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ። «ያው ነው፣ ይሠራል!» ይሉኛል። ይቺን ቃል ስሰማ አሁን አሁን ቆዳዬ ነው የሚነሳ።

በመጨረሻ ሰፈራችን ስታብላይዘር የሚጠግኑ አንድ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ከነአምፕሊፋየሩ አስመጡኝ። ዳክዋን አላዩዋትም፤ አምፕሊፋየሩን ገልብጠው ከኋላው ያለውን ጽሑፍ በመነጽር አነበቡ። «የት ነው የምትሰካው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። «እሱ ፎኖ ነው ልጄ፣ የሸክላ ነው! መርፌው የሚያወጣትን ጥቂት ሚሊቮልት ሊያጎላ የተሠራ ነው። በቴፕ በኩል አስገባ።» ለካ ባዶ ሆኖ ያገኘሁት ሶኬት ውስጥ ነው ስሰካ የከረምኩት፤ ያ የሚሰነጠቀው ድምፅ፣ የሚያጓራው ቤዝ የዳክ መስሎኝ ነበር!

ቀጠሉ፤ «ይቺ 2 ቮልት ታወጣለች። የአንተ አምፕሊፋየር ሙሉ ለሙሉ ለመጮህ 200 ሚሊቮልት ይበቃዋል። ለዚህ ነው የድምፁን ቁልፍ ገና ስትነካው የሚጮህብህ።» በሞተው አዳፕተር ፋንታ ትራንስፎርመር ጠመጠሙልኝ፣ ገመዱ መሃል ጉልበቱን የሚቀንሱ ሬዚስተሮች ገጠሙልኝ፤ ቁልፉ አሁን መሃል ላይ ሲደርስ ነው የሚደምቀው። በሦስት ወር ውስጥ ከኋላ ምን አለው ብለው የጠየቁኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ቺፑን አልጠየቁም፤ እኔም አልነገርኳቸው።

ድምፁ? ያምራል። አልዋሽም፣ በጣም ያምራል። ያቺን የ1,800 ብር ሳጥን በቴፕ ሶኬቱ በኩል መልሼ ብሞክራትም እኔ ልዩነቱን አልሰማሁትም፤ ይሄን ለወዳጄ እንዳትነግሩብኝ።

አንድ ነገር ግን ቀረ። በኦፕቲካል ሲሆን የእኔ ቴሌቪዥን ሪሞት ድምፅ አይቀንስም፣ አይጨምርም። በኤችዲኤምአይ ኤአርሲ፣ ማለትም ድምፁን ከቴሌቪዥኑ ወደ ውጭ በሚያወጣው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የሚገባ፣ በሪሞት የሚታዘዝ ዳክ አለ ለካ፤ ይሄንንም የሚነግርህ የለም፣ ከገዛህ በኋላ ነው የምታውቀው። አምፕሊፋየሩ እንደሆነ ሪሞት የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር የሰባት ዓመቷ ልጄ ሮጣ ትቀንሳለች። እኔም በእሷ ዕድሜ የዚሁ አምፕሊፋየር ሪሞት ነበርኩ።

ትናንት ማታ ፊልሙ መሃል ማስታወቂያ ገብቶ ቤቱን ሲያናውጠው ስሟን ጠራሁ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ጮኸች፦

«ሪሞቱ ተኝታለች፣ ራስህ ተነስ!»