ጀሶው ተፈታ፤ ከዚያስ?

የደሴን ፒያሳ አልፌ ሽቅብ እየሮጥኩ ስቃትት አንድ የባጃጅ ሾፌር ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ማን እያባረረህ ነው?» አለኝ። ከእኔ እኩል ለመሄድ ፍሬን መያዝ ነበረበት፤ ፍጥነቴን ከዚህ ገምቱት። «አርባ ሰባት ዓመት» አልኩት። ሳቀና «አብሽር!» ብሎኝ ሄደ። አብሽር ወሎ ውስጥ ለታመመም፣ ለከሰረም፣ ለሚሮጥም ይባላል።

መምህር ነኝ፤ ጠመኔ ይዤ በቆምኩበት ቦርጭ ያወጣሁ። ቀኝ ቅልጥሜ ከ18 ዓመት በፊት ሆጤ ሜዳ ላይ ተሰብሯል። የእሑድ ግጥሚያ ነበር፣ ላጤ ከባለትዳር፣ ተሸናፊው ለስላሳ የሚገዛበት። ላጤዎቹን ወክዬ ገብቼ በሰው ትከሻ ወጣሁ። እግሬ ሲሰበር የሰማሁት ድምፅ የደረቅ ጭራሮ ነው፤ ዛሬም እናቴ እሳት ልታያይዝ ጭራሮ ስትሰብር ፊቴን አዞራለሁ።

ጎረቤቱ ሁሉ ወጌሻ ጋ ውሰዱት ሲል አጎቴ ብቻ እምቢ ብሎ ሆስፒታል ወሰደኝ። ውለታውን አልረሳም። ወጌሻ ለወለምታ እጁ ሊቀና ይችላል። የተሰበረ አጥንት በቀርከሃ ጥርቅም ተደርጎ ሲታሰር ግን ደም መሄጃ ያጣል፤ በዚህ ሰበብ እግሩን እስከመቆረጥ የደረሰ ሰው በአገራችን ጥቂት አይደለም። ለእኔ ጀሶ ተደረገልኝ። ከሦስት ወር በኋላ ሲፈታ ከውስጡ የወጣው እግር የሌላ ሰው መሰለኝ፤ ቆዳው ተልጧል፣ ባቱ ሟሽሿል፣ ቁርጭምጭሚቱ እንደ ዛገ ማጠፊያ አልታጠፍ ብሏል። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና «አጥንቱ ገጥሟል፤ ቀስ እያልክ ርገጥ» አለኝ። ሕክምናዬ በአምስት ቃል አለቀ።

ጠቤ ከእነዚህ አምስት ቃላት ጋር ነው። ቀስ ማለት ስንት ነው? በስንተኛው ሳምንት፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ቢያመኝስ ልቀጥል ወይስ ላቁም? ጀሶ ውስጥ የከረመ ጡንቻ በሳምንታት ይሟሽሻል፤ ካላሠሩት ደግሞ እንደነበረ አይመለስም። ይህን የሚያውቅ ሙያተኛ አለ፣ ፊዚዮቴራፒስት ይባላል፤ እኔ ግን ያኔ ስሙንም አልሰማሁ። ክፍተቱን የሞላው የቤተ ዘመድ ምክር ነው፤ «እግርህን አትመነው»። እኔም 17 ዓመት አላመንኩትም። ደረጃ ስወርድ ቀኙን አስቀድሜ ግራዬ ላይ እንጠለጠላለሁ፣ ሁለት መቶ ሜትር ለማትሞላ መንገድ ባጃጅ እጠራለሁ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ወንበር ይሰጠኛል። ያላመንኩት እግር ይባስ ደከመ። አጥንት የሚጠነክረው ክብደት ሲያርፍበት ነው፤ እኛ ለተጎዳ አካል የምናዝንለት ደግሞ በማስተኛት ነው።

አምና ግፊቴ ጨምሮ ተገኘና «ተንቀሳቀስ» ተባልኩ፤ በአንድ ቃል! ሆጤ ሄጄ ልጆች ሲሮጡ አይቼ አፍሬ ተመለስኩ። ከዚያ ሰፈሬ ውስጥ በመብራት ምሰሶ መቁጠር ጀመርኩ። ከአንዱ ምሰሶ እስከ ቀጣዩ እሮጣለሁ፣ ሁለቱን እራመዳለሁ፤ ሠላሳ ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ቆማችሁም ትንፋሽ ታጥራለች። ስለዚህ የሰባትን ማባዣ ጮክ ብዬ እላለሁ። ሰባት በስድስት ላይ ድምፄ ከተቆረጠ ፈጥኛለሁ ማለት ነው። ከሱብሂ ሶላት የሚመለሱት አዛውንት መጀመሪያ እብድ መስያቸው ነበር፤ አሁን ሰባት በስምንትን እሳቸው ይመልሱልኛል። (ሴት ብሆን ጨለማው፣ ውሻውና የሰው ዓይን ተደማምረው ይህን ጨርሶ ላልጽፈው እችል ነበር። ባለቤቴ ሁለት ቀን ወጥታ በሦስተኛው ቀርታለች።)

በአምስተኛው ሳምንት ጠገብኩ። ሳንባ ቶሎ ይለምዳል፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ፣ ይህን የሚነግረኝ አልነበረም። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን መንገድ ቁልቁል ለቀቅኩት። ቁልቁለት ሩጫ የሚያቀል ይመስላል። እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ግን የጭን ጡንቻ ፍሬን ሆኖ የሰውነትን ክብደት ይይዛል፤ ጡንቻው ከደከመ ዕዳውን ጉልበት ይከፍላል። ጭነት የያዙ አይሱዙዎች ፍሬናቸው እየሸተተ ሲያልፉኝ የእኔም ሳይሸት አልቀረም። ጉልበቴን ይዤ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሚኒባስ ቆመና ረዳቱ «ኮምቦልቻ ነህ?» አለኝ።

«ደሴ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ቁልቁል አወረደህ?»

መልስ አልነበረኝም።

እናቴ ቅቤ አቅልጣ ጠበቀችኝ። ቅቤውን ተቀብቼ፣ በማግስቱ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊዚዮቴራፒስት ፊት ቀረብኩ። ወጣት ናት፣ ተማሪዬ ልትሆን የምትችል። በአንድ እግር ቆመህ ትንሽ በርከክ በል አለችኝ፤ ግራዬ ቀጥ አለ፣ ቀኝ ጉልበቴ ወደ ውስጥ ተጣመመ። ያዘዘችልኝ ሁለት ነገር ነው፤ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝ ማንሳት፣ እና ከወንበር በአንድ እግር መነሳት። ክኒን የለም፣ መርፌ የለም። 18 ዓመት የዘገየው ሕክምና አንድ ወንበርና አንድ ደረጃ ነበር።

«በዚህ ዕድሜ ሩጫ ጉልበት ይጨርሳል» የሚሉኝ አሉ። ለጤና በልኩ የሚሮጡ ሰዎች ጉልበት ከማይሮጡት የባሰ እንደማያረጅ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ዕድሜንም ካነሳን፣ ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ አግኝቷል። ቀነኒሳ በቀለ ከዓመታት የጉዳት ጣጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 ለንደን ማራቶን ላይ በ41 ዓመቱ 2:04:15 ገብቶ ሁለተኛ ወጥቷል። እግሮቻቸው የእኔ ዓይነት አይደሉም፣ አውቃለሁ። የእኔ ቅናት በሰዓታቸው አይደለም። ታላቅ ሯጭ ሲጎዳ መቼ ይራመድ፣ መቼ ሶምሶማ ይጀምር የሚል ሰው አጠገቡ አለ፤ ያ ሰው ነው የሚያስቀናኝ።

ወሎ ውስጥ ይህ ቅንጦት አይደለም። በ2014ቱ ጦርነት የቆሰለው ሁሉ፣ ከባጃጅ የተገለበጠው፣ ከዛፍ የወደቀው ገበሬ አንድ ቀን ጀሶው ይፈታለታል። ትልቅ መሣሪያ ይገዛ እያልኩ አይደለም። ጀሶ በሚፈታበት ቀን በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይሰጠው፤ በየትኛው ሳምንት ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ሕመም እንደሚያስመልሰው። ከዚያም አንድ ጊዜ እንኳ ፊዚዮቴራፒስት ትየው። ገበሬ እግሩን ካላመነ ሞፈር ቀንበሩን ማን ይይዝለታል?

ባለፈው ወር አንድ ተማሪዬ እግሩ ከጀሶ ወጥቶ እያነከሰ ክፍል ገባ።

«ምን አሉህ?»

«ቀስ እያልክ ርገጥ።»

ከደብተሩ መጨረሻ አንድ ቅጠል ቀድጄ፣ የት ሄዶ ማንን እንደሚጠይቅ በትልልቁ ጻፍኩለት። ወረቀቱን አዟዙሮ አየና ጣቱን «ፊዚዮቴራፒ» የሚለው ላይ አሳርፎ «ይኼ ምንድን ነው ቲቸር?» አለኝ።