የነሐሱ አሳማ ታሪክ ያለ ኦዚ ሲመንስ አይነገር

የሚኒሶታና የአዮዋ ዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች በተጋጠሙ ቁጥር አሸናፊው ተሸክሞ የሚወጣው የነሐስ አሳማ ነው። ክብደቱ 98 ፓውንድ፣ ወደ 44 ኪሎ ግራም ግድም ይሆናል፤ ስሙ ፍሎይድ ኦፍ ሮዝዴል ይባላል። ጨዋታው እንዳለቀ ጎረምሶቹ ተሻምተው ያነሱትና ደጋፊዎቻቸው ፊት ይጨፍሩበታል። አሳማ በማይበላበት ቤት ያደገ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል አበሻ ይህን መጀመሪያ ሲያይ ይስቃል። ልጁ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የጎፈርስን (የሚኒሶታ ቡድን ቅጽል ስም ነው) ማልያ ለብሶ ሲመጣ ግን አባትየውም አብሮ መጮህ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ አሳማው የእሱም ነው።

የእኛም ከሆነ ታሪኩን ሳይቆረጥ ልንሰማው ይገባል። በየዓመቱ የሚነገረው አጭሩ ታሪክ እንዲህ ነው፦ በ1935 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) የሁለቱ ግዛቶች ገዥዎች በጨዋታው ውጤት አሳማ ተወራረዱ፤ አዮዋ ተሸነፈች፤ ገዥዋም አሳማውን አስረከቡ፤ ኋላ ሐውልት ተሠራለት። የሁለት ተጫዋች ጎረቤታሞች ቀልድ። ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን ውርርዱ ለምን እንዳስፈለገ አይናገርም። የእኔም ክርክር እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት 1934 የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ባለበት አዮዋ ሲቲ ላይ ነው። በአሰልጣኝ በርኒ ቢርማን የሚመራው የሚኒሶታ ቡድን በዚያን ጊዜ በአገሩ የሚስተካከለው አልነበረም፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የብሔራዊ ሻምፒዮንነት ክብር ወስዷል። አዮዋ ደግሞ ኦዚ ሲመንስ የሚባል፣ ከቴክሳስ የመጣ፣ ኳስ ይዞ ሲሮጥ የማይጨበጥ ጥቁር ወጣት ነበራት። በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ቡድኖች ውስጥ ጥቁር ተጫዋች በጣት የሚቆጠርበት ዘመን ነው። ሚኒሶታ 48 ለ 12 አሸነፈ። ሲመንስ ግን በተደጋጋሚ ተመታ፤ ወድቆም ይከመሩበት ነበር፤ በመጨረሻ ጨዋታውን አቋርጦ ለመውጣት ተገደደ። የአዮዋ ሰው ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ብሎ አመነ። ሲመንስ ራሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲጠየቅ፣ ያሳደዱት ጎበዝ ስለነበረ እንደሆነ፣ ጥቁርነቱም የራሱን ያህል እንደጨመረበት ተናግሯል። ከተመታው ሰው አፍ የወጣ ነውና ልጨምርበትም ልቀንስለትም አልፈልግም።

በዓመቱ ሚኒሶታ እንደገና ወደ አዮዋ ሲቲ ሲሄድ ከተማው ቂም ይዞ ጠበቀው። የአዮዋው ገዥ ክላይድ ሄሪንግ፣ ዳኞቹ ያለፈውን ዓመት ዓይነት ጭካኔ ዝም ብለው ቢያዩ ተመልካቹ ዝም እንደማይል በይፋ ተናገሩ። ቢርማን ለተጫዋቾቹ የፖሊስ ጥበቃ ጠየቀ። በጨዋታው ዕለት ማለዳ የሚኒሶታው ገዥ ፍሎይድ ኦልሰን ለሄሪንግ ቴሌግራም ላኩ፦ የአዮዋ ተመልካች የሚኒሶታን ቡድን በመንጋ ሊሰቅል ነው መባሉ ሕዝቤን አስቆጥቶታል፤ እኔ ግን አንተ ሕግ አክባሪ እንደሆንክ ነግሬያቸዋለሁ፤ ልጆቻችን በንጽሕና ይጫወታሉ፣ በኃይል ግን ይጫወታሉ፤ ታሸንፋላችሁ ብለህ የምታምን ከሆነ በአንድ ምርጥ አሳማ እንወራረድ፤ የሚል ነበር ይዘቱ። ሄሪንግ ተቀበሉ። ወሬው ተሰራጨ፤ ሰው ሳቀ፤ ቁጣውም በረደ። ሚኒሶታ 13 ለ 6 አሸነፈ፤ በዚያን ዕለት ማንም ላይ ጉዳት ሳይደርስ ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ።

ኦልሰን ብልህ ፖለቲከኛ ነበሩ፤ ያንን ቀን በማብረዳቸው አልወቅሳቸውም። ግን ቴሌግራሙን ደግማችሁ አንብቡት። የተመታው አንድ ጥቁር ልጅ ነው፤ በቴሌግራሙ ውስጥ ሊሰቀሉ ነው የተባሉት ደግሞ አብዛኞቹ ነጭ የሆኑ ተጋጣሚዎቹ ናቸው። በ1935 አሜሪካ ውስጥ በመንጋ ይሰቀል የነበረው ማን እንደሆነ ሁለቱም ገዥዎች ያውቁ ነበር። የሲመንስ ስም የለም። ከዚያ አሳማው መጣና የቀረውንም ሸፈነው።

አሳማውማ ዝነኛ ሆነ። በፎርት ዶጅ አቅራቢያ ካለው የሮዝዴል እርሻ ተመርጦ፣ በአሸናፊው ገዥ ስም ፍሎይድ ተብሎ፣ ሄሪንግ ራሳቸው ሴንት ፖል ድረስ ወስደው እስከ ኦልሰን ቢሮ ምንጣፍ አደረሱት። ቁማር በሕግ ክልክል ነው ብሎ ገዥውን ለመክሰስ የተነሳ የአዮዋ ሰው ሁሉ ነበር። በቀጣዩ ክረምት አሳማው በአሳማ ኮሌራ ሞተ፤ ኦልሰንም ያንኑ ክረምት በካንሰር አረፉ፣ ገና 44 ዓመታቸው ነበር። ኦልሰን አስቀድመው ቻርልስ ብሪዮስኪ የሚባል የሴንት ፖል ቀራፂ ምስሉን እንዲሠራ አዘው ስለነበር አሳማው ነሐስ ሆኖ ቀረ። ሲመንስስ? የፕሮፌሽናሉ ሊግ ከ1934 እስከ 1945 አንድም ጥቁር አላሰለፈም። በሩ ተዘግቶበት ቺካጎ ውስጥ አስተማሪ ሆነ።

ሚኒሶታ ይህን ታሪክ በሙሉ እንድትናገር የሚያስገድዳት ሌላም ነገር አለ። በጥቅምት 1923 የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የተለየ ነው) የመጀመሪያው ጥቁር ስፖርተኛ ጃክ ትራይስ ሚኒያፖሊስ ላይ ተጫውቶ፣ ተረጋግጦ፣ በሁለተኛው ቀን ሞተ። ሆን ተብሎ ነው ወይስ አይደለም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከጨዋታው በፊት በነበረው ምሽት የጻፈው ደብዳቤ ኮቱ ውስጥ ተገኝቷል፤ የዘሬ፣ የቤተሰቤና የራሴ ክብር በዚህ ጨዋታ ላይ ነው የሚል ነው። አዮዋ ስቴት ከ1924 ጨዋታ በኋላ ከሚኒሶታ ጋር ሳይጋጠም እስከ 1989 ቆየ፤ ዛሬ ስታዲየሙ በትራይስ ስም ይጠራል። እንግዲህ በ1934 የአዮዋ ተመልካች የሲመንስን መውደቅ ሲያይ፣ ትራይስ ከሞተ ገና 11 ዓመቱ ነበር።

የሚኒሶታ ዋንጫዎች ሁሉ እንዲህ ከባድ ነገር አላዘሉም። ከሚሺጋን ጋር የሚጫወቱበት ትንሿ ቡናማ ገንቦ አሰልጣኝ ፊልዲንግ ዮስት በ1903 ውሃ እንዲያዝበት ያስገዛት፣ ጨዋታው 6 ለ 6 ሲያልቅም ረስቷት የሄደ የ30 ሳንቲም ዕቃ ናት። ከዊስኮንሲን ጋር ያለው ከ1890 የጀመረ ፉክክር ደግሞ ከ1948 ወዲህ መጥረቢያ አለው፤ ያሸነፈው የጎል ምሰሶውን የሚቆርጥ መስሎ ይጨፍርበታል። እነዚህን እንዳሉ ማውራት ይቻላል።

ስፖርትን ከዘር ጉዳይ ጋር አታደባልቁ፣ ሰው ደስ ብሎት ይጫወትበት የሚሉ አሉ። ያደባለቅነው እኛ አይደለንም፤ አሳማው የተወለደው ከዚያ ድብልቅ ነው። ፉክክሩ ይቀዘቅዛል የሚል ስጋት ካለም በጥቅምት 2023 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው የአዮዋው ኩፐር ዲጂን የተመታለትን ኳስ ይዞ እስከ መስመሩ ሮጦ አገባ፤ ኳሱን ከመያዙ በፊት፣ ይዤ አልሮጥም እንደሚል ምልክት፣ እጁን አወዛውዟል ተብሎ ተሻረ፤ ሚኒሶታ 12 ለ 10 አሸነፈ። አዮዋ ሲቲ ውስጥ ያንን ውሳኔ ትክክል ነው የሚል ሰው ፈልጋችሁ አግኙ። የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ የተሻረ ጎል ምን ያህል ዘመን እንደሚኖር ያውቃል። እንዲህ ያለ እሳት የአንድ ሰው ስም ስለተጠራ አይጠፋም።

ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የሚያፍርበት ብቻ ሳይሆን የሚኮራበትም አለው፤ እኔን የሚገርመኝ ዝምታው ለዚህ ነው። ቦቢ ማርሻል የተባለ ጥቁር ተጫዋች በ1906 በእግሩ በመታት ኳስ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲን 4 ለ 2 ያሸነፈው በሚኒሶታ ማልያ ነው። በ1960 ቡድኑ የብሔራዊ ሻምፒዮንነት ክብር ሲወስድ ኳርተርባኩ፣ ማለት ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ ሳንዲ ስቲቨንስ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት በዚያ ቦታ ለመላው አሜሪካ ምርጥ ቡድን የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። አብሮት የነበረው ቦቢ ቤል ከሰሜን ካሮላይና የመጣው የደቡቡ ዩኒቨርሲቲዎች በር ለጥቁር ዝግ ስለነበረ ነው። በጥር 1962 የካሊፎርኒያውን ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤን 21 ለ 3 ረትተው ሮዝ ቦውል የሚባለውን የአዲስ ዓመት ትልቅ ጨዋታ ድል ይዘው ተመለሱ፤ ቡድኑ ከዚያ ወዲህ ሮዝ ቦውልን አላየም። ስቲቨንስም ቢሆን አሜሪካ ውስጥ ጥቁርን በኳርተርባክነት የሚያሰልፍ የፕሮፌሽናል ቡድን አጥቶ ወደ ሞንትሪያል ተሰደደ። ማርሻልንና ስቲቨንስን እያነሱ ሲመንስን መዝለል አይሆንም፤ አንድ መንገድ ላይ ናቸው።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አሳማው ይቅር አልልም፤ ስሙም አይቀየር። ርክክቡ ሲደረግ የሲመንስ ስም በድምጽ ማጉያው ይጠራ፤ አሳማው በሚቀመጥበት ቦታ የ1934ቱ ጨዋታ ከ1935ቱ ውርርድ ቀድሞ ይጻፍ። አዮዋ በ2021 የሜዳዋን ስም በቀድሞው ጥቁር ተጫዋቿ በዱክ ስሌተር ሰይማለች፤ ስለዚህ እምቢ የምትል አይመስለኝም። ቢግ ቴን የሚባለው ሊጋቸው በ2024 ወደ 18 ቡድን ሲሰፋ የጨዋታ መርሐ ግብሩን እንደገና አወጣ፤ የገንቦዋ ጨዋታ በየዓመቱ መሆኑ ቀረ፣ የአሳማው ግን በየዓመቱ እንዲኖር ተጠበቀ። በየዓመቱ ሊጠበቅ የሚገባው ነው ብለው ከወሰኑ፣ ከየት እንደመጣም በየዓመቱ ይንገሩን።