ክርክር፦ «ዘ ብራዘርስ» የንግድ ድራማ ነው ወይስ የሳሎን ጠብ?

ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1976 «ዘ ብራዘርስ» የሚል ተከታታይ ድራማ ነበረው። 92 ክፍል ነው። ያኔ ብሪታንያ እሑድ ማታ ቁጭ ብላ ታየው ነበር። ዛሬ ስሙ ሲነሳ «አዎ፣ አስታወስኩት» የሚለው በዕድሜ የገፋው ብቻ ነው። ለንደን የሚኖሩ ሁለት ሰዎች በዲቪዲ አይተውት ሳይስማሙ ቀሩ። እሷ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ እሱ የከባድ መኪና ሹፌር።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦

ለእኔ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ስለ ንግድ ነው። ሮበርት ሃመንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ባለቤት ነው። ይሞታል። ኑዛዜው ሲነበብ ድርጅቱ ለአራት ተከፍሏል። ሦስቱ ድርሻ ለሦስት ወንዶች ልጆቹ፣ አራተኛው ለጸሐፊው ለጄኒፈር ኪንግስሊ። ጄኒፈር ደግሞ ውሽማው ነበረች፤ ልጅም ወልዳለታለች። ሚስቱ ሜሪ ከድርጅቱ ምንም አልደረሳትም።

ሐሜቱን ለጊዜው ይተዉትና ጋሼ፣ ሒሳቡን ይዩልኝ። እያንዳንዳቸው 25 በመቶ አላቸው። ብቻውን የሚወስን የለም። ሁለት ለሁለት ከተከፈሉ ሥራው ቆመ ማለት ነው። ትልቁ ልጅ ኤድዋርድ ዕድሜውን እዚያ ግቢ ውስጥ የፈጀ ነው፤ ሁሉም የእኔ ነው ብሎ ተማምኗል። አሁን ግን አንድ ነገር ለማስወሰን አካውንታንት ወንድሙን ብራያንን ይለምናል። ካልሆነ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣውን ዴቪድን። ካልሆነም የአባቱን ውሽማ! እንዲህ ያለ ድርጅት እኔ ጠረጴዛ ላይ መጥቶ ያውቃል። ወንድማማቾቹ እኩል ተካፍለዋል፤ ቼክ ላይ ሁለቱም መፈረም አለባቸው፤ ተኳርፈዋል። የሠራተኛው ደመወዝ ሦስት ሳምንት ቆየ።

ሹፌሩ፦

እህቴ፣ ሒሳብሽ ልክ ነው። መኪናው ግን የታለ? ከጭነት ማመላለሻ ይልቅ ብስኩት ፋብሪካ ብታደርጊው ታሪኩ ያው ነው።

የእኛ ሥራ ንግዱ ባዶ መመለስ ላይ ነው። ከለንደን ማንችስተር ሙሉ ጭነሽ ሄደሽ ባዶ ከተመለስሽ፣ ነዳጁ የደርሶ መልስ ነው፤ ገቢው የአንድ መንገድ። ትርፍና ኪሳራ የሚለየው መመለሻ ጭነት ስልክ ደውሎ በሚፈልገው ሰውዬ ነው። ሌላው ደግሞ መጠበቅ ነው። አንድ ጊዜ አንድ መጋዘን በር ላይ ግማሽ ቀን ሙሉ ቆምኩ። ማራገፊያው ባዶ ነው፤ በመስታወት ይታየኛል። ዕቃ ማንሻው መኪና፣ ፎርክሊፍቱ፣ ቻርጅ ላይ ነው ተባልኩ። ሲያራግፉልኝ ሕግ የሚፈቅድልኝ የሥራ ሰዓት አለቀ። ቤቴ ለመድረስ 40 ደቂቃ ሲቀረኝ መንገድ ዳር ጋቢና ውስጥ አደርኩ። ለዚያ ጥበቃ ማን ከፈለ? ማንም።

ዘመኑን ደግሞ አስቢው። በ1973 ብሪታንያ የአውሮፓ የጋራ ገበያ ገባች። የዚያኑ ዓመት ነዳጅ ጣራ ነካ። በ1974 መጀመሪያ መብራት ለመቆጠብ ፋብሪካ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይሠራ ነበር። ስንት ሰዓት እንደነዳሽ የሚመዘግበው ታኮግራፍ የሚባል መሣሪያ መኪናው ላይ ይገጠም አይገጠም የሚለውም ጭቅጭቅ ነበር። ሹፌሮቹ «የጋቢናው ሰላይ» ይሉት ነበር። መንግሥትም የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1979 እስኪፈርድበት ድረስ አንገራግሯል። ይህ ሁሉ በደጅ እያለ፣ ድራማው ካለቀ በኋላ እኔ አእምሮ ውስጥ የቀረው የሜሪ ሳሎን ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦

ሜሪን ካነሱ እኔም ልጨምር። አክሲዮን የላትም፤ ግን ልጆቿ ድምፅ የሚሰጡት ፊቷን አይተው ነው። ይህ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ የቤተሰብ ድርጅት ሒሳብ የያዘ ሁሉ ግን ያውቀዋል።

ፖል ሜሮኒስ? ኮሊን ቤከር የተጫወተው፣ ከባንክ የመጣው ወጣት። ሕዝቡ እንደ ጉድ ጠላው። እኔ ግን ስመለከተው፣ ከእነዚያ ሰዎች ሁሉ ሒሳብ መዝገብ ሲያይ ደስ የሚለው እሱ ብቻ ነው። ቤተሰቡ ማደግ ይፈልጋል፤ ገንዘብ የለውም። ገንዘብ ያለው ሲመጣ ቦርዱ ላይ ወንበር ይጠይቃል። ምን ይጠብቁ ነበር?

ሹፌሩ፦

ሕዝቡ ልክ ነበር እላለሁ። ሜሮኒ መኪናውን በቁጥር እንጂ በሞተር ድምፅ አያውቀውም።

እንደኔ ከዚህ የሚሻል ጅምር የነበረው «ዘ ፕሌን ሜከርስ» የሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ ነው፤ የ1963ቱ። ስኮት ፈርሎንግ የሚባል የፈጠራ አውሮፕላን ፋብሪካ ነው። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ከወዛደሩ ጋር ነበር። ምን ሆነ መሰለሽ? ፓትሪክ ዋይማርክ የተጫወተው አለቃ ጆን ዋይልደር ተወደደ። ታሪኩ ቀስ በቀስ ወደ ቦርድ ክፍሉ ወጣ። በ1965 ጭራሽ ፋብሪካውን ትቶ «ዘ ፓወር ጌም» በሚል አዲስ ስም ቀጠለ። ቱታ ለባሹ ቀረ፤ ከረባት ለባሹ አለፈለት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦

ታዲያ ይህማ ለእኔ ማስረጃ ነው! ተመልካቹ ውሳኔ የሚወሰንበትን ክፍል ማየት ይፈልጋል።

ሹፌሩ፦

ከረባት ማየት ይፈልጋል በይ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦

እሺ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። የኤድዋርድ ድርሻ የእርስዎ ቢሆን፣ ከማን ጋር ይወግኑ ነበር? ከብራያን ወይስ ከዴቪድ?

ሹፌሩ፦

ከጄኒፈር። ስንት ዓመት ጸሐፊ ነበረች። ማን ዕዳ እንዳለበት፣ የትኛው ደንበኛ እንደሚያስጠብቅ፣ ፋይሉ የት እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦

ኤድዋርድም መጨረሻ ላይ ያገባት እሷኑ ነው እኮ፣ ጋሼ።

ሹፌሩ፦

አየሽ፣ ተመልሰን ሳሎን ገባን።