የዝናቡ ድምር ደህና ነው፤ ማሽላውስ?

ክረምት ሊገባ ሲል የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ ዜና ይሆናል። «በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል መደበኛና ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» የምትለዋን አባባል ለምደናታል። ከተሜው ይሰማና «ዘንድሮስ ተመስገን ነው» ብሎ ያልፋል። ራያ ቆቦ ላይ ማሽላ የዘራ ገበሬ ግን ከዚህች ዜና የሚይዘው ብዙ ነገር የለም።

ለምን ብትሉ፣ እሱን የሚጥለው የዝናብ ማነስ ብቻ አይደለም። ለምሳሌ 400 ሚሊ ሜትር ከሰኔ እስከ መስከረም ተመጥኖ ቢወርድ እህል ነው። ያው 400 ሐምሌ ላይ ተዘርግፎ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቢያቆም፣ በአንድ ክረምት ጎርፍም ድርቅም ነው። መዝገብ ላይ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው። ማሽላ አበባ ሲያወጣና ፍሬ ሲቋጥር ውኃ ካጣ፣ ቁመቱ ሰው ቢያክልም ራሱ ባዶ ይቀራል። በመኪና ለሚያልፍ ሰው ማሳው አረንጓዴ ነው።

ትልልቆቹ ድርቆችማ ይታወቃሉ። ኤል ኒኞ በሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት መጨመር ምክንያት የ2007ቱ ክረምት ሲከዳ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ፈልጓል። እንዲያ ሲሆን ካሜራውም እርዳታውም፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ይመጣል። ድምፅ ሳያሰማ የሚያልፈው ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ የወጣበት ተራ ዓመት ነው። በሬው የሚሸጠው፣ ልጅቷ ወደ ዓረብ አገር የምትሄደው እንዲህ ባለ ዓመት ነው።

ገበሬው የራሱ መላ አለው። በልጉ ከሰጠ ሚያዝያ ላይ ረጅም ጊዜ የሚፈጀውን የአገሬውን ማሽላ ይዘራል። በልጉ ከቀረ ክረምቱን ጠብቆ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራል። እሱም ካልሆነ በክረምቱ መውጫ በተረፈው እርጥበት ሽንብራ ይሞክራል። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ውስጥ ማስገባትም ከአባቶቹ የወረሰው ነው።

የሚቸግረው ዘሩ ነው። መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል «መልካም» የሚባለውን ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ካወጣ ዓመታት አልፈዋል። ገበሬው ይህን ዓይነት ዘር አጥብቆ የሚፈልገው የበልጉ ተስፋ ሲቆረጥ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጊዜው ጠባብ ነው። ቀበሌ ጠይቆ፣ ወረዳ ጽፎ፣ ዞን ፈቅዶ፣ መኪና ተገኝቶ እስኪመጣ ድረስ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።

«ገበሬው አዲስ ነገር አይቀበልም» የሚሉት ወቀሳ ደግሞ ያናድደኛል። ቶሎ የሚደርሰው ማሽላ አጭር ነው፣ አገዳውም ትንሽ ነው። አገዳ ለገበሬው የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። በዚያ ላይ ከሌላው ቀድሞ ስለሚደርስ የአካባቢው ወፍ ሁሉ እሱ ላይ ይሰፍራል። ጎረቤቶቹ ካልዘሩት ማማ ላይ ወጥቶ ብቻውን ወንጭፍ ሲያጮኽ ሊውል ነው። ይህን አስልቶ የተወ ሰው ምኑ ነው ኋላቀር?

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ቶሎ የሚደርሰው ዘር በልጉ ሰጠም አልሰጠም ግንቦት ላይ በየወረዳው መጋዘን ይግባ። አንድ ሰው ብቻውን የወፍ ሲሳይ እንዳይሆንም ለአንድ ጎጥ በአንድ ጊዜ ይታደል። ትንበያውም ቀበሌ ሲደርስ «መደበኛ» ብቻ ሆኖ አይቅር። ለፍትሕ ያህል፣ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎቹ ስለ ዝናቡ አገባብና አወጣጥ ይናገራሉ፣ በየአሥር ቀኑም መረጃ ያወጣሉ። ሬዲዮው ጋ ሲደርስ ግን የምትተርፈው ያቺው አንዷ ዓረፍተ ነገር ናት።

በልጉ የሰጠ ዓመት ዘሩ ሳይሸጥ ይቀራል፣ ኪሳራ አለው። ዛሬ ይህን ኪሳራ መሸከም የሚፈልግ የለም፤ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኑም፣ ዘር አባዡም፣ ወረዳውም። ለዚህ ነው ዘሩ ቀድሞ የማይገባው። መንግሥት በጀት ይያዝለትና ኪሳራውን ይሸፍን። ከጅቡቲ ወደብ ስንዴ ከማጓጓዝ በብዙ ይረክሳል።